ረጅሙ ውድድር (የካራ ጋውቸር መጽሐፍ)

«ረጅሙ ውድድር» (በእንግሊዝኛ ርዕሱ «ዘ ሎንገስት ሬስ») አሜሪካዊቷ የረጅም ርቀት ሯጭ ካራ ጋውቸር ከጋዜጠኛ ሜሪ ፓይሎን ጋር የጻፈችው የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ነው። መጋቢት 5 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2023) በጋለሪ ቡክስ አሳታሚነት ለንባብ በቃ። መጽሐፉ ጋውቸር «የናይኪ ኦሪጎን ፕሮጀክት» በተባለው የሩጫ ቡድን ውስጥ ባሳለፈቻቸው 7 ዓመታት ደረሰብኝ የምትለውን ወሲባዊ ጥቃት፣ በወሊድ ጊዜ የተቋረጠባትን ክፍያ እና በቡድኑ ውስጥ አየሁት የምትለውን የመድኃኒት አጠቃቀም ይተርካል። ከዚህ መጽሐፍ በፊት አሠልጣኙ አልቤርቶ ሳላዛር ከስፖርቱ ዕድሜ ልክ የታገደበትን ክስ ያቀረበችው አትሌት ማንነት ለሕዝብ አልተገለጠም ነበር። ጋውቸር ያቺ አትሌት እርሷ መሆኗን ያሳወቀችው በዚህ መጽሐፍ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጭር መረጃ

ደራሲዎች፦ ካራ ጋውቸር እና ሜሪ ፓይሎን
የጽሑፉ ዓይነት፦ የሕይወት ታሪክ (ትዝታ)
ቋንቋ፦ እንግሊዝኛ
የታተመበት ዓመት፦ 2023
አገር፦ አሜሪካ

የደራሲዋ ሕይወት

ካራ ጋውቸር ጁላይ 9 ቀን 1978 በኒው ዮርክ ከተማ ኩዊንስ በተባለው ክፍል ተወለደች። ገና ሕፃን ሳለች አባቷ ጠጥቶ ያሽከረክር በነበረ ሰው መኪና ተገጭቶ ሞተ። ከዚያ በኋላ እናቷ ልጆቿን ይዛ ወደ ሚኒሶታ ግዛት፣ ዱሉት ወደ ተባለችው ከተማ ተመለሰች፤ ካራም ከአያቷ አጠገብ አደገች፣ ሩጫንም እዚያው ጀመረች።

በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ስትማር አሠልጣኟ ማርክ ዌትሞር ነበር። በ2000 በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮና በ3,000 ሜትር፣ በ5,000 ሜትር እና በአገር አቋራጭ ሩጫ አሸናፊ ሆነች። በ2001 ሌላውን የኮሎራዶ ሯጭ አዳም ጋውቸርን አገባች። በ2004 ባልና ሚስቱ አብረው ወደ ኦሪጎን ግዛት ተዛውረው የናይኪ ኦሪጎን ፕሮጀክት አባል ሆኑ።

ከዋና ዋና ውጤቶቿ መካከል የሚከተሉት ይገኛሉ።

- በ2007 በኦሳካ የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ (በኋላ ወደ ብር ተለውጧል)
- በ2007 በእንግሊዝ የታላቁ ሰሜን ግማሽ ማራቶን አሸናፊ፣ ፓውላ ራድክሊፍን በማስከተል
- በ2008 በኒው ዮርክ ማራቶን 3ኛ፣ 2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ
- በ2009 በቦስተን ማራቶን 3ኛ
- በ2011 በቦስተን ማራቶን 5ኛ፣ 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ (በማራቶን የግሏ ምርጥ ሰዓት)
- በ2008 ቤጂንግ እና በ2012 ለንደን ኦሊምፒክ ተሳትፎ

የናይኪ ኦሪጎን ፕሮጀክት

ቡድኑ በ2001 የተመሠረተው አሜሪካውያን ሯጮች በረጅም ርቀት ከምሥራቅ አፍሪካ አትሌቶች ጋር መፎካከር እንዲችሉ ታስቦ ነው። መሪው አልቤርቶ ሳላዛር በኩባ የተወለደ የቀድሞ ማራቶን ሯጭ ሲሆን የኒው ዮርክ ማራቶንን ከ1980 እስከ 1982 ሦስት ጊዜ በተከታታይ፣ የቦስተንን ደግሞ በ1982 አሸንፏል።

ቡድኑ በገንዘብና በቴክኖሎጂ የታወቀ ነበር። ለምሳሌ የኦክስጅኑ መጠን የተቀነሰ ቤት ተሠርቶ አትሌቶች እዚያ ያድሩ ነበር። ዓላማው እንደ በቆጂ ወይም አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ የሚኖር ሰው ደም በተፈጥሮ የሚያገኘውን ለውጥ በዝቅተኛ ቦታ ለማግኘት ነው። በ2012 ለንደን ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወንዶች የቡድኑ አትሌቶች ሞ ፋራህ ወርቅ፣ ጌለን ረፕ ብር ሲወስዱ ታሪኩ በቀለ ሦስተኛ፣ ቀነኒሳ በቀለ አራተኛ ሆነው ገብተዋል።

የመጽሐፉ ይዘት

በአንድ ሰው እጅ የተሰበሰበ ሥልጣን

የመጽሐፉ ዋና ጥያቄ «አንዲት የዓለም ሜዳሊያ ባለቤት ለምን ለዓመታት ዝም አለች?» የሚል ነው። ጋውቸር መልሱን የምታገኘው በቡድኑ አሠራር ውስጥ ነው። ሳላዛር የልምምድ ፕሮግራም ያወጣል፤ የትኛው ውድድር ላይ እንደምትሮጥ ይወስናል፤ ስለ ክብደቷና ስለ ምግቧ ይናገራል፤ ደመወዟን ከሚከፍለው ኩባንያ ጋርም በቅርብ ይሠራል። ከዚህም አልፎ ወጌሻ ሆኖ የአትሌቶቹን ሰውነት ያሽ ነበር። በሌሎች ቡድኖች ለተለያዩ ባለሙያዎች የሚከፋፈለው ሥራ በአንድ ሰው እጅ ስለነበረ፣ አትሌቷ በእርሱ ላይ ቅሬታ ቢኖራት አቤት የምትልበት ሌላ በር አልነበራትም።

አባቷን በሕፃንነቷ ያጣችው ጋውቸር ሳላዛርን እንደ አባት ታየው እንደነበር ትጽፋለች። ለቡድኑ ያላት ታማኝነትና ለአሠልጣኙ ያላት ፍቅር የሆነውን ነገር በስሙ ለመጥራት ዓመታት እንዲወስድባት አድርጓል።

ወሲባዊ ጥቃት

በመጽሐፉ መሠረት ሳላዛር በማሳጅ ጊዜ፣ በሁለት የተለያዩ አጋጣሚዎች፣ በጣቱ ወሲባዊ ጥቃት አድርሶባታል። ጋውቸር በመጀመሪያ የሆነው ነገር በስህተት የደረሰ ነው ብላ ራሷን ለማሳመን እንደሞከረችና ከማንም ጋር ሳትነጋገር እንደቆየች ትተርካለች። ከዚህ በተጨማሪ በሴት አትሌቶች ሰውነት ላይ ይሰነዘሩ ስለነበሩ አስተያየቶች ትጽፋለች። ሳላዛር ክሱን በሙሉ አስተባብሏል።

እርግዝናና ውል

ጋውቸር በሴፕቴምበር 2010 ወንድ ልጅ ወለደች። በእርግዝናዋ ወራት ለኩባንያው በተለያዩ ዝግጅቶችና ማስታወቂያዎች ላይ ትቀርብ ስለነበር ክፍያዋ የሚቀጥል መስሏት ነበር። ይሁን እንጂ ውድድር እስክትጀምር ድረስ ክፍያዋ መቋረጡን አወቀች። ስለዚህ ከወለደች ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ውድድር ተመለሰች። ወደ ውድድር ለመመለስ ስትዘጋጅ ልጇ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ልጇን ትታ ወደ ልምምድ መሄዷን ከማይለቋት ጸጸቶች አንዱ አድርጋ ታነሳዋለች።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት የውሉን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ከጫማ አምራች ኩባንያ ጋር የሚፈራረም ሯጭ በአሜሪካ ሕግ ተቀጣሪ ሠራተኛ ሳይሆን ራሱን የቻለ ውል ተቀባይ ነው። በመሆኑም ለሠራተኛ የሚሰጠው የወሊድ ጥበቃ አይመለከተውም። ውሎቹ ደግሞ አትሌቱ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልተወዳደረ ወይም ደረጃው ከቀነሰ ክፍያው እንዲቀነስ የሚፈቅድ አንቀጽ ይይዛሉ። በወቅቱ በዚህ አንቀጽ ፊት ልጅ መውለድና የእግር ስብራት አንድ ነበሩ።

የመድኃኒት ጉዳይ

ጋውቸር ከወሊድ በኋላ በ2011 ሳላዛር ክብደቷን እንድትቀንስ «ሳይቶሜል» የተባለ የታይሮይድ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንደሰጣት፣ እርሷ ግን ሐኪሟን አማክራ እንዳልወሰደችው ትናገራለች። ሳላዛር ይህንንም አስተባብሏል። በዚያው ዓመት እርሷና ባለቤቷ ቡድኑን ለቀቁ።

ከዝምታ ወደ ምስክርነት

መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊት የነበሩት ዋና ዋና ክንውኖች በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው።

- 2013፦ ጋውቸር ያየችውን ለአሜሪካ ፀረ-አበረታች መድኃኒት ኤጀንሲ ተናገረች።
- ጁን 2015፦ ቢቢሲ እና ፕሮፐብሊካ ባወጡት የምርመራ ዘገባ ላይ ጋውቸርና የቀድሞው ረዳት አሠልጣኝ ስቲቭ ማግነስ በግልጽ ቀርበው ተናገሩ። ሳላዛር ረጅም የማስተባበያ ደብዳቤ አወጣ።
- ሜይ 2019፦ አሊሲያ ሞንታንዮ፣ ጋውቸርና አሊሰን ፊሊክስ በእርግዝና ጊዜ ስለሚቀነስ ክፍያ በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ተናገሩ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ናይኪ በእርግዝና ዙሪያ ባሉት 18 ወራት የአትሌቶችን ክፍያ እንደማይቀንስ አስታወቀ።
- ሴፕቴምበር 30 ቀን 2019፦ የግልግል ጉባኤ ሳላዛርንና የቡድኑን ሐኪም ጄፍሪ ብራውንን ለ4 ዓመት አገደ። ከጥፋቶቹ መካከል ቴስቶስተሮን ማስተላለፍ እና ኤል-ካርኒቲን የተባለውን ንጥረ ነገር ከተፈቀደው መጠን በላይ በደም ሥር መስጠት ይገኙበታል። በዚህ ጉዳይ የቡድኑ አትሌቶች አልተከሰሱም።
- ኦክቶበር 2019፦ ናይኪ ቡድኑን ዘጋ።
- ኖቬምበር 2019፦ በ17 ዓመቷ ቡድኑን የተቀላቀለችው ሜሪ ኬይን ክብደቷን እንድትቀንስ ያለማቋረጥ ጫና እንደተደረገባት፣ የወር አበባዋ ለ3 ዓመት እንደቆመና 5 አጥንቶቿ እንደተሰበሩ ተናገረች።
- ጁላይ 2021፦ ሴፍስፖርት የተባለው የአሜሪካ ማዕከል ሳላዛርን በወሲባዊና በሥነ ልቦናዊ ጥፋት ዕድሜ ልክ ከስፖርቱ አገደ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ይግባኙ ውድቅ ሆነ።
- ሴፕቴምበር 2021፦ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት የ4 ዓመቱን እገዳ አጸና።
- ጃንዋሪ 2022፦ ኒው ዮርክ ታይምስ የዕድሜ ልክ እገዳው በማሳጅ ጊዜ ከደረሰ ወሲባዊ ጥቃት ጋር የተያያዘ መሆኑን ዘገበ። የአትሌቷ ስም አልተጠቀሰም።
- ማርች 2023፦ «ረጅሙ ውድድር» ታተመ።

ሁለቱን እገዳዎች መለየት ይገባል። የ4 ዓመቱ እገዳ የመድኃኒት ደንብ በመጣስ የተሰጠ ሲሆን ጊዜው በ2023 አልቋል። የዕድሜ ልኩ እገዳ የተሰጠው ደግሞ በአትሌቶች አያያዝ ነው። ሴፍስፖርት በ2017 ሥራ የጀመረ ማዕከል ሲሆን ሥልጣኑ በአሜሪካ የኦሊምፒክ ስፖርት ውስጥ የሚደርሱ ጥቃቶችን መመርመርና ከስፖርቱ ማገድ ነው። መደበኛ ፍርድ ቤት ስላልሆነ ማንንም በእስራት አይቀጣም።

ከኢትዮጵያ አትሌቲክስ ጋር ያለው ግንኙነት

የጋውቸር የሩጫ ዘመን ከኢትዮጵያውያንና ከትውልደ ኢትዮጵያውያን ሯጮች ታሪክ ጋር ብዙ ቦታ ላይ ይገናኛል።

በኦሳካ 2007 የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ጥሩነሽ ዲባባ በውድድሩ መካከል ተጋጭታ ከመሪዎቹ ወደ ኋላ ከቀረች በኋላ ደርሳባቸው ወርቅ አገኘች። ሁለተኛ የገባችው በአዲስ አበባ ተወልዳ ለቱርክ የምትሮጠው ኤልቫን አብይለገሠ ነበረች፤ ጋውቸር ሦስተኛ ሆነች። በ2015 የአብይለገሠ የቆየ ናሙና እንደገና ሲመረመር ስታኖዞሎል የተባለ የተከለከለ መድኃኒት ተገኘበት። በ2017 ውጤቷ ተሰርዞ ጋውቸር ወደ ብር፣ እንግሊዛዊቷ ጆ ፔቪ ወደ ነሐስ ከፍ አሉ። በዚሁ ምክንያት በቤጂንግ ኦሊምፒክ 5,000 ሜትር መሠረት ደፋር ከነሐስ ወደ ብር ተሸጋግራለች። እነዚህ አትሌቶች በመድረኩ ላይ መቆም የሚገባቸው ቀን ካለፈ ከ8 እስከ 10 ዓመት በኋላ ነው ትክክለኛ ደረጃቸውን ያገኙት።

በ2009 የቦስተን ማራቶን ጋውቸር እስከ መጨረሻው ኪሎ ሜትር አካባቢ መሪ ነበረች። በመጨረሻ ኬንያዊቷ ሳሊና ኮስጌ በ2:32:16 ስታሸንፍ፣ የ2008 አሸናፊ የነበረችው ድሬ ቱኔ በ1 ሰከንድ ብቻ ተቀድማ ሁለተኛ ሆነች። ጋውቸር በ2:32:25 ሦስተኛ ገባች።

ሦስተኛው ግንኙነት የዶሃ 2019 የዓለም ሻምፒዮና ነው። በአዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን በወቅቱ የሳላዛር ቡድን አባል ነበረች። ሴፕቴምበር 28 ቀን ለተሰንበት ግደይን አስከትላ 10,000 ሜትርን አሸነፈች። ከሁለት ቀን በኋላ የአሠልጣኟ እገዳ ተሰማ፤ የመግቢያ ፈቃዱም ተነጠቀ። ኦክቶበር 5 ቀን ግን ሐሰን 1,500 ሜትርንም በ3:51.95 አሸነፈች፤ ጉዳፍ ፀጋይ ነሐስ አገኘች። ሐሰን ንጹሕ መሆኗን በመግለጽ በአሠልጣኟ ላይ የቀረበው ክስ እርሷ ቡድኑን ከመቀላቀሏ በፊት ስለነበረው ጊዜ መሆኑን ተናግራለች። እርሷ ላይ የቀረበ ክስ የለም። ይህ አጋጣሚ የአሠልጣኝ ጥፋት ምንም ያላደረገችን አትሌት ስም እንዴት ጥላ እንደሚያጠላበት ያሳያል።

ከወሊድ በኋላ ወደ ሩጫ መመለስ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ደራርቱ ቱሉ በ1998 ልጅ ከወለደች በኋላ በሲድኒ 2000 የ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘች፣ በ2009ም የኒው ዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ጥሩነሽ ዲባባ በ2015 ወልዳ በሪዮ 2016 ነሐስ አግኝታለች። የጋውቸር መጽሐፍ ግን ከእነዚህ ድሎች በስተጀርባ ያለውን ጥያቄ ያነሳል፦ እናት አትሌት ወደ ውድድር የምትመለሰው ሰውነቷ ሲዘጋጅ ነው ወይስ ገንዘቧ ሲያልቅ?

በኢትዮጵያ ብዙ አትሌቶች በክለብ ታቅፈው ወርሃዊ ደመወዝ ያገኛሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ ሴት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። በማናጀር በኩል ከውጭ ጫማ አምራች ጋር የሚደረግ ውል ግን የንግድ ውል ስለሆነ፣ አትሌቷን የሚጠብቃት በውሉ ውስጥ የተጻፈው ነው። ስለዚህ ውል ከመፈረም በፊት ስለ እርግዝና፣ ስለ ጉዳትና ስለ ክፍያ ቅነሳ የሚናገሩትን አንቀጾች በሚገባት ቋንቋ ማስነበብ ለማንኛዋም ወጣት ሯጭ ይጠቅማል።

ክብደትና ጤና

መጽሐፉና የሜሪ ኬይን ምስክርነት በአትሌቶች ክብደት ላይ የሚደረገውን ጫና ወደ አደባባይ አውጥተዋል። ሯጭ ከምትሮጠው ልክ ያነሰ ስትመገብ ሰውነቷ ለመራቢያ አካላትና ለአጥንት የሚሰጠውን ኃይል ይቀንሳል። የመጀመሪያው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የወር አበባ መዛባት ወይም መቅረት ነው። የኤስትሮጅን ሆርሞን ሲቀንስ አጥንት ይሳሳል፤ በተደጋጋሚ ጫናም ይሰነጠቃል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 ይህንን ሁኔታ በስፖርት የሚከሰት አንጻራዊ የኃይል እጥረት ብሎ ሰይሞታል። የወር አበባ መቅረት የጠንካራ ልምምድ ማስረጃ ነው የሚለው አስተሳሰብ ስህተት ነው፤ ሐኪም ማየት የሚያስፈልገው የጤና ችግር ነው።

ከመጽሐፉ በኋላ

ናይኪ በዋና መሥሪያ ቤቱ በሳላዛር ስም ይጠራ የነበረውን ሕንፃ ስም የለወጠው መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊት፣ በ2021 ነው። ጋውቸር በበኩሏ ከናይኪ ከወጣች በኋላ በ2014 ኦይዜል ከተባለ የሴቶች የስፖርት ልብስ ኩባንያ ጋር ሠርታለች። በ2022 በተደጋጋሚ እንቅስቃሴ የሚመጣ ዲስቶኒያ የተባለ የነርቭ ሕመም እንዳለባት አሳወቀች፤ ሕመሙ የጡንቻን ቁጥጥር ስለሚያውክ የምትሮጠውን መጠን ለመቀነስ ተገድዳለች። በአሁኑ ጊዜ በቴሌቪዥን የአትሌቲክስ ተንታኝ ናት።

ተመሳሳይ መጻሕፍት

በዚያው ዓመት በ2023 ሌሎች ሁለት ሴት ሯጮች የሕይወት ታሪካቸውን አሳትመዋል። አሜሪካዊቷ ሎረን ፍሌሽማን የጻፈችው መጽሐፍ ለወንዶች ሰውነት የተሠራ የስፖርት ሥርዓት ሴት ልጆችን እንዴት እንደሚጎዳ የሚያስረዳ ሲሆን፣ የዊልያም ሂል የዓመቱ የስፖርት መጽሐፍ ሽልማትን አግኝቷል። ደቡብ አፍሪካዊቷ የ800 ሜትር ሻምፒዮን ካስተር ሴሜንያ ደግሞ በጾታ ምርመራና በሆርሞን ደንብ ምክንያት ያሳለፈችውን ጽፋለች። ሦስቱ መጻሕፍት የሚያነሱት ጉዳይ ይለያያል፤ ሆኖም ሦስቱም ስለ አትሌቷ ሰውነት ሌሎች ሲወስኑ የኖሩትን በአትሌቷ በራሷ ቃል ያስነብባሉ።